«አንድ ማዕበል» እና የዜግነት ክርክር

የኤሜ ሴዜር ተውኔት «አንድ ማዕበል» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. በቱኒዚያ፣ በሐማመት የጥበብ በዓል ላይ ነው፤ አዘጋጁም ዣን ማሪ ሴሮ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተውኔቱ ከሼክስፒር «ማዕበሉ» የተወሰደ መሆኑን ጸሐፊው አልሸሸገም፤ ለጥቁሮች ቴያትር እንዲስማማ ሆኖ የተዘጋጀ መሆኑንም ከርዕሱ ሥር አስፍሯል። ይሁን እንጂ ሥራው ከምንጩ የሚለየው ከርዕሱ ጀምሮ ነው። «ማዕበሉ» የተባለው ያ የታወቀው፣ ሌላ አቻ የሌለው ማዕበል ሲሆን፣ «አንድ ማዕበል» ግን ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ፈረንሳይኛው በአንዲት ትንሽ ቃል የሚገልጸውን ይህን ልዩነት አማርኛ በአንዲት የመጨረሻ ድምፅ ይገልጸዋልና፣ የአማርኛ አንባቢ ነጥቡን ለመጨበጥ አይቸገርም።

ተውኔቱ በአፍሪካም ሆነ በአሜሪካ ሲተች የኖረው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይነት ፈሊጥ ነው። ፕሮስፔሮ ቅኝ ገዢ፣ ባሪያው ካሊባን ዐመፀኛና ጀግና፣ ሌላው ባሪያ ኤሪየል ደግሞ ልምጥምጥና አድርባይ ተደርገው ይቀርባሉ፤ ፍርዱም ለካሊባን ይሰጣል። ይህ አተረጓጎም ፈጽሞ ስሕተት ነው ማለት ባይቻልም፣ የነገሩን ግማሽ ብቻ የያዘ ነው። የካሊባንን ቁጣ የጻፈው ብዕር፣ ከ23 ዓመት በፊት የትውልድ ደሴቱ የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር እንድትሆን የሚደነግገውን ሕግ ለፈረንሳይ ምክር ቤት ያቀረበው ብዕር ነበር። ተውኔቱ በሚታይበት ጊዜም ደራሲው የዚያው ምክር ቤት እንደራሴ ነበር። እንግዲህ በመድረኩ ላይ የሚከራከሩት ሁለት ባሮች ከአንድ ሰው ሁለት ጎን የወጡ መሆናቸውን ሳይመረምሩ ለአንደኛው መፍረድ፣ ተውኔቱን ከክርክርነት ወደ መፈክርነት ማውረድ ነው።

ሴዜር በ1913 በማርቲኒክ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ባስ ፖዋንት በምትባል የሸንኮራ አገዳ አገር ተወለደ። በፓሪስ ተማረ። «ወደ ትውልድ አገር የመመለስ ማስታወሻ» የተሰኘው ረዥም ግጥሙ በ1939 ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ። ወደ ደሴቲቱ ተመልሶ ሲያስተምር ከባለቤቱ ከሱዛን ሴዜርና ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «ትሮፒክ» የተባለውን መጽሔት ከ1941 እስከ 1945 አዘጋጀ። በ1945 የፎር ደ ፍራንስ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ፤ በዚህም ሹመት እስከ 2001 ቆየ። በእንደራሴነት ደግሞ እስከ 1993 አገለገለ። በ2008 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ለጽሕፈትና ለፖለቲካ የተለያየ ሕይወት አልነበረውም ማለት ይቻላል።

ማርች 19 ቀን 1946 የወጣው ሕግ ማርቲኒክን፣ ጓድሉፕን፣ የፈረንሳይ ጉያናንና ሬዩኒዮንን ከቅኝ ግዛትነት አውጥቶ የፈረንሳይ ክፍለ ሀገሮች አደረጋቸው። የሕጉን ሐሳብ መርምሮ ለምክር ቤቱ ያቀረበው ሴዜር ነበር። ዛሬ ሆኖ ነገሩን ለሚመለከት ሰው፣ በተለይም ነጻነትን ከባንዲራና ከድንበር ለይቶ ማየት ለሚያስቸግረው አፍሪካዊ፣ የጥቁሮች ኩራት ባለቅኔ እንዲህ ያለ ሕግ ማቅረቡ እንቆቅልሽ ይመስላል። እንቆቅልሹ የሚፈታው ግን የሕዝቡ ኑሮ ሲታይ ነው። የማርቲኒክ ሰዎች በ1946 ዜግነት አልጠየቁም፤ ዜጋ ከተባሉ ወደ አንድ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነበርና። ባርነት በኤፕሪል 1848 በፓሪስ ድንጋጌ ሲሻር፣ የማርቲኒክ ባሮች ወረቀቱ በመርከብ እስኪደርስ አልጠበቁም፤ ሜይ 22 ቀን ተነሡ፤ የደሴቲቱም ገዢ በማግሥቱ ነጻነታቸውን ለማወጅ ተገደደ። የፈረንሳይ ዜግነት አብሮ መጣ። የሠራተኛ ሕጎች፣ የሕመምና የእርጅና ዋስትና፣ የቤተሰብ አበል ግን ከዓመት ወደ ዓመት ቢጠበቁም ባሕሩን ሳይሻገሩ ቀሩ። ደሴቲቱን የሚያስተዳድረው ገዢ፣ መሬቱንም የያዙት የጥንቶቹ ባለባሮች ልጆች ነበሩ። እንግዲህ የ1946 ጥያቄ «ዜጋ አድርጉን» የሚል ሳይሆን «ዜጋ ካላችሁን የዜጋ ሕግ ይድረሰን» የሚል ነበር። ጥያቄው የሆድም የክብርም ነው።

በሌሎቹ ግዛቶች ነገሩ የተለየ ነበር። ከሴኔጋል አራት ከተሞች፣ ማለትም ከሴን ሉዊ፣ ከጎሬ፣ ከሩፊስክና ከዳካር ተወላጆች በስተቀር፣ በፈረንሳይ ሥር ያለው አብዛኛው አፍሪካዊ በሕግ ስሙ «ተገዢ» ነበር። ተገዢ ማለት ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት በአስተዳዳሪ ትእዛዝ የሚቀጣ፣ በግዳጅ ሥራ የሚሰማራ፣ የማይመርጥ ሰው ማለት ነው። (ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ቃል ባዕድ አይደለም። ፋሺስት ኢጣሊያ በጁን 1936 ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛቷ ያወጣችው ሕግም የአገሩን ሰው የመደበው በዜግነት ሳይሆን በተገዢነት ነበር።) በሴኔጋላዊው እንደራሴ በላሚን ጌይ ስም የሚታወቀው የሜይ 1946 ሕግ ይህን ልዩነት ሽሮ የባሕር ማዶ ግዛቶችን ተወላጆች ሁሉ ዜጋ አለ። ስሙን ሰጠ እንጂ ሚዛኑን አላስተካከለም፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች ነጮቹና ተወላጆቹ በተለያየ መዝገብ የሚመርጡበት አሠራር እስከ 1956 ቀጥሏል። በ1947 ማዳጋስካር ስትነሣ በብዙ ሺህ የተገደሉት ሰዎች፣ በወረቀት ከተቈጠረ የአንድ ዓመት ዜጎች ነበሩ።

ካሊባን ወደ ፈረንሳይኛው ክርክር የገባውም በዚሁ በማዳጋስካር በኩል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዚያች ደሴት ይሠራ የነበረው ኦክታቭ ማኖኒ በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቅኝ ተገዢው በባሕርዩ ጥገኝነትን የሚሻ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ለዚህም የሼክስፒርን ፕሮስፔሮና ካሊባን በምሳሌነት ወሰደ። ሴዜር በዚያው ዓመት በወጣው «የቅኝ አገዛዝ ሐተታ» ማኖኒን ያለ ርኅራኄ ተቸው። ሌላው ማርቲኒካዊ ፍራንዝ ፋኖንም በ1952 በታተመው መጽሐፉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለዚሁ ክርክር ሰጠ። እንግዲህ ሴዜር በ1969 ካሊባንን ሲያነሣ፣ ከእንግሊዛዊው ባለቅኔ ብቻ ሳይሆን፣ «ጥገኝነት የተፈጥሯችሁ ነው» ከሚለው የገዛ ዘመኑ ምሁርም እጅ እየቀማው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛው ቃል አንድ ነገር ሳይባል ማለፍ አይገባም። «ዜጋ» ዛሬ የመብት ባለቤት የሆነ የአገር ልጅ ማለት ነው። በጎንደር ዘመን የመሬት መዝገቦች ውስጥ ግን ዜጋ ማለት የራሱ መሬት የሌለው፣ ለባለመሬቱ የሚያገለግል ጥገኛ ሰው ነበር። አንዱ ቃል ተገዢውንም ባለመብቱንም ተሸክሟል። የሴዜርን ጭንቀት ለመግለጽ ከዚህ የተሻለ ቃል በየትኛውም ቋንቋ መገኘቱ ያጠራጥራል።

ወደ ተውኔቱ ስንመለስ፣ ሦስት ገቢሮች አሉት። መጀመሪያ የጨዋታው መሪ ለተዋንያኑ ጭምብል ያድላል፤ ማንም የፈለገውን ጭምብል ሊያነሣ ይችላል፤ ጌትነትም ባርነትም በእጅ የሚነሣና የሚጣል ነገር መሆኑ በዚህ ይጠቆማል። ገጸ ባሕርያቱ የሼክስፒር ናቸው፤ ሴዜር ያከለው የዮሩባውን አምላክ ኤሹን ብቻ ነው። ኤሹ ፕሮስፔሮ ለልጁ ጋብቻ በጠራቸው አማልክት መካከል ሳይጠራ ገብቶ ሥርዐቱን ያውካል። ከዚህ ሌላ ሴዜር ያደረገው መሠረታዊ ለውጥ ሁለቱን አገልጋዮች በዘርና በማኅበራዊ ደረጃ መለየቱ ነው፤ ካሊባን ጥቁር ባሪያ፣ ኤሪየል ደግሞ ክልስ ባሪያ ነው። በማርቲኒክ ታሪክ ክልሱ ከባለመሬቱ ነጭና ከአገዳ ቈራጩ ጥቁር መካከል የቆመ፣ በትምህርትና በቢሮ ሥራ የቀደመ ክፍል መሆኑን ለሚያውቅ ተመልካች ይህ ለውጥ ጥልቅ ትርጉም አለው።

ካሊባን መድረክ ላይ ሲወጣ የሚያሰማው የመጀመሪያ ቃል በስዋሂሊ «ነጻነት» ማለት ነው። ፕሮስፔሮ በማያውቀው ቋንቋ መናገሩ ያስቈጣዋል፤ መናገር እንኳ ያስተማርሁህ እኔ አይደለሁምን በማለትም ይወቅሰዋል። የካሊባን መልስ ሼክስፒር ካሊባኑን ካናገረው ይልቅ የተሳለ ነው። ጌታው ያስተማረው ትእዛዝ የሚሰማበትን ያህል ቋንቋ ብቻ መሆኑን፣ እንጨት እንዲፈልጥ፣ ዕቃ እንዲያጥብ፣ ዓሣ እንዲያጠምድ መሆኑን ይናገራል፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ የታሸገውን ዕውቀት ግን ለራሱ አስቀርቷል። ቋንቋው ተሰጥቶ ሕጉ የቀረበት የ1848 ዜጋ ክርክር በዚህ ንግግር ውስጥ በአጭሩ ይገኛል።

ከዚያ የስሙ ነገር ይመጣል፤ ተውኔቱም እጅግ የበለጸገው እዚህ ቦታ ላይ ነው። ካሊባን ከእንግዲህ ካሊባን ብባል አልመልስም ይላል። ስሙ የጥላቻ ስም ነው። «ኤክስ» በሉኝ፤ ስሙን የሰረቁበት ሰው ስም ይህ ነው በማለት ይቈርጣል። ፕሮስፔሮ በማሾፍ ሌሎች ስሞች ያቀርብለታል፤ ሰው በላ ማለት ይሻልህ ይሆን፣ ወይስ ሐኒባል፤ እነዚህ ሰዎች የታሪክ ስም ይወዳሉ ይላል። ተቺዎች እዚህ ላይ በአንድ ድምፅ የሚያነሡት ማልኮም ኤክስን ነው። ተውኔቱ የታየው እርሱ በ1965 ከተገደለ ከአራት ዓመት በኋላ በመሆኑ ማስታወሳቸው ተገቢ ነው። ሆኖም ሴዜር ወደ ኒው ዮርክ መሄድ አላስፈለገውም። በ1848 በማርቲኒክ ባርነት ሲቀር፣ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች የዜግነት መዝገብ እንዲወጣላቸው ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም፤ ባሪያ የቤተሰብ ስም የለውምና። መዝጋቢዎቹ ሹማምንት ለየሰዉ ስም ሰጡት፤ አንዳንዱን ከግሪክና ከሮም ታሪክ፣ አንዳንዱን ከመልክዐ ምድር፣ አንዳንዱንም ከገዛ ቀልዳቸው አወጡለት። የማርቲኒክ ተመልካች የፕሮስፔሮን የሐኒባል ቀልድ ሲሰማ የአያቱን የስም መዝገብ ያስታውሳል። ዜግነቱና የተሰጠው ስም በአንድ ገጽ፣ በአንድ ቀለም ተጽፈዋል። ካሊባን ስሙን ሲጥል ያንን ገጽ መቅደዱ ነው። ይህን ያላየ ትችት ትዕይንቱን የአሜሪካ ትግል ማስታወቂያ ያደርገዋል፤ ትዕይንቱ ግን ከዚያ ይልቅ ለቤቱ የቀረበ፣ በዚያም ላይ ለራሱ ለደራሲው የሚያም ነው።

ሁለተኛው ገቢር የሚጀምረው በሁለቱ ባሮች ክርክር ነው። ኤሪየል ወደ ካሊባን ዋሻ የሚመጣው ፕሮስፔሮ ያሰበበትን ክፋት ሊያስጠነቅቀው ነው። ይህ ብቻ እንኳ አድርባይ ነው የሚለውን ፍርድ ሊያጠራጥር በተገባ ነበር፤ አድርባይ የጌታውን ምሥጢር ለዐመፀኛ አያደርስም። ወንድማማቾች መሆናቸውን፣ በመከራም በተስፋም አንድ መሆናቸውን፣ የሚለያቸው መንገዱ ብቻ መሆኑን ይናገራል። ካሊባን ደግሞ ታዛዥነትህ ምን አስገኘልህ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ነጻነት ተስፋ ተሰጠህ እንጂ አልተሰጠህም፤ ዛሬ ካልሆነ ነገ የሚል ተስፋ ደግሞ ዋጋ የለውም ይለዋል። ኤሪየል የፕሮስፔሮን ኅሊና ማንቃት ይቻላል ብሎ ያምናል። ካሊባን በዚህ ይስቃል። ተዋርዶ ከመኖር ደሴቲቱን ከነጌታዋ አጥፍቶ መጥፋትን ይመርጣል። ሳይስማሙ፣ ነገር ግን ሳይጣሉ ይለያያሉ።

የኤሪየል ቃላት ከማርቲኒክ ተነጥለው ከተነበቡ ልፍስፍስ ይመስላሉ። ከ1946 ሕግ ጋር ሲነበቡ ግን በሕዝብ ስም ምክር ቤት ገብቶ የሚከራከር እንደራሴ ቃላት ናቸው። ሕጉ የፈረንሳይ ሕጎች በአዲሶቹ ክፍለ ሀገሮች እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1947 በሥራ እንዲውሉ ቀን ቈርጦ ነበር። ቀኑ አለፈ፤ ሌላ ቀን ተቈረጠ፤ ያም አለፈ። በየዓመቱ ሴዜር በመድረኩ ላይ ቆሞ የተሰጠውን ተስፋ ለሰጪው ያስታውሳል። ካሊባን ለኤሪየል የሚያቀርበው ጥያቄ፣ እንደራሴው ሴዜር በየምሽቱ ለራሱ ሳያቀርበው የቀረ ጥያቄ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ሕዝቡም በዚህ መካከል ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1948 በዚያችው በሴዜር የትውልድ መንደር በባስ ፖዋንት፣ በሥራ ማቆም አድማ ላይ አንድ ነጭ የእርሻ አስተዳዳሪ ተገደለ። 16 አገዳ ቈራጮች ተይዘው ከሦስት ዓመት እስራት በኋላ፣ በ1951፣ ባሕር ተሻግረው በቦርዶ ከተማ ለፍርድ ቀረቡ። ቦርዶ የጥንት የባሪያ ንግድ ወደብ ነበረች። በዚያ ችሎት 16ቱም በነጻ ተለቀቁ። የዜግነት ክርክር ሁለት ፊት በዚህ ጉዳይ ተጋልጦ ይታያል፤ ሰዎቹን ከአገራቸው ነቅሎ ሩቅ ባሕር ያሻገራቸው ሥልጣንና፣ ተከሳሹን እንደ ሰው የሰማው ችሎት የአንድ መንግሥት ነበሩ። ካሊባን የመጀመሪያውን ብቻ ያያል፤ ኤሪየል ሁለተኛውን ይዞ ይሟገታል። በ1953 የመንግሥት ሠራተኞች ከፈረንሳይ ከመጡት ባልደረቦቻቸው እኩል አበል እንዲከፈላቸው ረዥም አድማ አደረጉ። በዲሴምበር 1959 ደግሞ ፎር ደ ፍራንስ ውስጥ በተነሣ ሁከት ሦስት ወጣቶች ሞቱ።

ደራሲው ራሱ በዚህ ጊዜ መንገዱን ሲቀይር ይታያል። በ1956 ለሞሪስ ቶሬዝ በጻፈው ደብዳቤ ከፈረንሳይ ኮሚኒስት ፓርቲ ወጣ፤ ምክንያቱም የጥቁሩ ሕዝብ ጥያቄ በሌላ ሰው ጥያቄ ሥር ተጠቅልሎ እንዲቀር አለመፈለጉ ነበር። በ1958 የራሱን ፓርቲ አቋቁሞ የራስ ገዝ አስተዳደርን ዓላማው አደረገ። ይሁንና በዚያው ዓመት በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ፣ ጊኒ «አይሆንም» ብላ ስትወጣ፣ ሴዜር ሕዝቡ «አዎን» እንዲል መከረ። እንግዲህ ካሊባን ኮናክሪ ነበር፤ ኤሪየል ፎር ደ ፍራንስ። ሁለቱም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ነበሩ።

እስከዚህ የተባለው ለተውኔቱ የሚያደላ ነው፤ ጉድለቱም ሊነገር ይገባዋል። ትልቁ ጉድለት ሕዝብ የሌለበት መሆኑ ነው። በደሴቲቱ ላይ ሁለት ባሮችና አንድ ጌታ አሉ፤ ሌላው ሁሉ መርከብ የጣለው መንገደኛ ነው። (በመጨረሻው ትዕይንት ሕዝበ ውሳኔ ቢደረግ ውጤቱ አንድ ለአንድ ይሆን ነበር።) ሴዜር በየቀኑ የሚያውቃቸው አገዳ ቈራጮች፣ የወደብ ሠራተኞች፣ የገበያ ሴቶች ከመድረኩ ቀርተዋል፤ ከእነርሱም ጋር ኤሪየል ሊያቀርበው ይችል የነበረው ጠንካራ ክርክር፣ ማለትም የእንጀራ ክርክር ቀርቷል። ኤሪየል ስለ ኅሊና ይናገራል እንጂ ስለ ሕክምና፣ ስለ ጡረታ፣ ስለ ልጆች አበል አይናገርም። የ1946 ሕግ ደጋፊዎች የነበሩት ድሆች የፈለጉት ግን ይህንኑ ነበር። ደራሲው እንደ እንደራሴ በምክር ቤት የተከራከረበትን ነጥብ እንደ ጸሐፌ ተውኔት ለገጸ ባሕርዩ ነፍጎታል። በዚህም ምክንያት ካሊባን ከሚገባው በላይ በቀላሉ ያሸንፋል። ሴትም ቢሆን ከሚራንዳ በቀር የለችም፤ የካሊባን እናት ሲኮራክስ በልጇ አፍ ብቻ ትታወሳለች። ሱዛን ሴዜር በ«ትሮፒክ» ላይ የጻፈቻቸውን ድርሰቶች ያነበበ ሰው ይህን ዝምታ በቀላሉ አይቀበለውም።

ቢሆንም ደራሲው ኤሪየልን ፈጽሞ አልጣለውም። በሦስተኛው ገቢር ፕሮስፔሮ የገባውን ቃል ጠብቆ ነጻ ሲለቀው፣ ኤሪየል አመስግኖ አይሸሽም፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ እጅግ ረስቶ የኖረውን ባሪያ እንኳ ነጻነትን የሚያስናፍቅ ዜማ እንደሚያዜም ይናገራል። ፕሮስፔሮም ይህ ዕቅድ ያሳስበዋል። ጌታው በችሮታ የሰጠው ነጻነት ከእጁ እንደ ወጣ ወደ ራሱ ይዞርበታል። አብዛኞቹ አዘጋጆች ይህን ንግግር እንደ ዜማ ብቻ ቈጥረው ቶሎ ያልፉታል፤ ተውኔቱን ከመፈክርነት የሚያድነው ግን ይህ ንግግር ነው። ካሊባንም በበኩሉ በተቃራኒው ይፈተናል። የጦር መሣሪያ ይዞ ከፕሮስፔሮ ፊት ይደርሳል፤ ፕሮስፔሮ ደረቱን ይሰጠዋል፤ ካሊባን መምታት ያቅተዋል። ትዕይንቱ ብዙዎችን ያናደደ ነው። ሆኖም በሃያኛው መቶ ዓመት በማርቲኒክ ከሆነው ነገር የራቀ አይደለም።

የሕጉ ታሪክ ከተውኔቱ በኋላም አላበቃም። ከ1963 እስከ 1981 ባለው ጊዜ ከደሴቶቹ ወጣቶችን ወደ ፈረንሳይ ለሥራ የሚያጓጉዝ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ዜጎች በመሆናቸው ፓስፖርት አላስፈለጋቸውም፤ የደረሱበት ሥራ ግን በአመዛኙ የሆስፒታል ጽዳት፣ የፖስታ ቤትና የቤት አገልጋይነት ነበር። በ1981 ሴዜር ስለ ደሴቲቱ ሕጋዊ አቋም የሚደረገው ክርክር ለጊዜው እንዲቆም ሐሳብ አቀረበ። የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ከፈረንሳይ ጋር እኩል የሆነው በ1996፣ ማለት ሕጉ በወጣ በ50 ዓመቱ ነው። ክሎርዴኮን የተባለው መርዛማ የተባይ ማጥፊያ በፈረንሳይ ምድር በ1990 ሲታገድ፣ በማርቲኒክና በጓድሉፕ የሙዝ እርሻዎች ግን በልዩ ፈቃድ እስከ 1993 ሲረጭ ቆየ፤ አፈሩና ውኃው ከዚያ በኋላም ሳይጠራ ኖሯል። በ2009 የኑሮ ውድነት ሁለቱን ደሴቶች ለሳምንታት በአድማ ዘጋቸው። በጃንዋሪ 2010 ደግሞ የማርቲኒክ ሕዝብ የሰፋ የራስ ገዝ አስተዳደር ይፈልግ እንደሆነ ተጠይቆ፣ ከመቶ 79 የሚሆነው ድምፅ ሰጪ «አይሆንም» አለ።

ይህን ድምፅ የባርነት ልማድ ነው ብሎ መተርጐም የማኖኒን መጽሐፍ በሌላ ስም ማሳተም ይሆናል። መራጩ ለብዙ ዓመታት የታገለበትን እኩልነት ከእጁ እንዳይወጣ መፍራቱ ከጥገኝነት የመነጨ አይደለም። በሌላ በኩል፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው ኒው ካሌዶኒያ የክርክሩን ሌላ ገጽ ታሳያለች። በዚያ የካናክ ተወላጆች ሥጋት ከዜግነት መከልከል ሳይሆን በዜጎች ብዛት መዋጥ ነው። የ1998ቱ የኑሜአ ስምምነት የመራጮችን መዝገብ ለቀድሞ ነዋሪዎች ወስኖ፣ በፈረንሳይ ዜግነት ውስጥ የካሌዶኒያ ዜግነት የሚባል ነገር አቆመ። በሜይ 2024 የፈረንሳይ ምክር ቤት መዝገቡን ለአዳዲስ ሰፋሪዎች ለመክፈት ሲወስን ደሴቲቱ በሁከት ተናጠች፤ ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለማርቲኒኩ አገዳ ቈራጭ «ሁሉም ፈረንሳዊ እኩል ነው» የሚለው ቃል መሣሪያ ነበር፤ ለካናኩ ግን ያው ቃል መሬቱን የሚወስድበት ነው። አንዱን ሕግ በሁለት ደሴቶች ላይ አንድ ፍርድ መስጠት እንደማይቻል፣ ካሊባንና ኤሪየልንም በአንድ ዐረፍተ ነገር መፍረድ አይቻልም።

የአማርኛ ቴያትር ሼክስፒርን የተቀበለው በሌላ በር ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ ሲመልሱ፣ ከገዢ እጅ መቀማት አላስፈለጋቸውም፤ እንግዳን በገዛ ቤት እንደ ማስተናገድ ነበር። ስለዚህ «አንድ ማዕበል»ን በአማርኛ ለማዘጋጀት የሚነሣ ባለሙያ ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ቁጣውንም መተርጐም ይኖርበታል። ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ምናልባት ኤሪየል ነው። ተዋናዩ አቀርቅሮ፣ እጁን አጣምሮ፣ ድምፁን አለስልሶ ከተጫወተው ተመልካቹ ገና ሳይናገር ይፈርድበታል፤ ክርክሩም ያልቃል። የሁለተኛው ገቢር ትዕይንት የሚሠራው ሁለቱ ባሮች እኩል ቁመት ሲኖራቸው ብቻ ነው።

የመጨረሻው ትዕይንትም የራሱ ችግር አለው። በሼክስፒር ፕሮስፔሮ በትሩን ሰብሮ ወደ ሚላን ይመለሳል። በሴዜር ሌሎቹ ይሄዳሉ፤ እርሱ ይቀራል። እኔ ከሌለሁ ይህች ደሴት ድምፅ የላትም ብሎ ስለሚያምን መሄድ ያቅተዋል። ዘመን ያልፋል፤ ይሸመግላል፤ ይበርደዋል፤ የዱር አውሬ ዋሻውን ይወርረዋል። ካሊባንን ይጣራል። ካሊባን አይታይም፤ ከሩቅ፣ ከባሕሩ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ የነጻነት ዘፈኑ ብቻ ይሰማል። ደሴቲቱ የማን እንደ ሆነች ጽሑፉ አይናገርም፤ ፕሮስፔሮ አልወጣም፤ ካሊባንም አልተያዘም። ዛፍ ላይ አዜማለሁ ብሎ የሄደው ኤሪየል በዚህ ትዕይንት ውስጥ ድምፁ አይሰማም፤ ደራሲውም ስለ እርሱ ለአዘጋጁ የተወለት መመሪያ የለም።